ከያቭኔ የመጣው ድንጋይ

የአስተርጓሚነት ሥራዬን ከተውኩ በኋላም አንድ ልማድ አልለቀቀኝም። ሰው ሲናገር ከንፈሬ በቀስታ ይከተለዋል፤ ንግግሩ እስኪያልቅ ትንፋሼን እይዛለሁ። ባለቤቴ አባ ታከለ በዚህ ይስቁብኝ ነበር። «እኔ የምናገረውን ደግሞ ለማን ልታደርሺው ነው?» ይሉኛል። አሁን ቤቱ ውስጥ የሚናገር የለም፤ ከንፈሬም አርፏል። ዝም ብዬ ከምቀመጥ የማውቀውን ልጻፍ ብዬ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንዳንድ ቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንድ ቀን ምንም።

ጎንደር ሳለሁ አስተማሪ ነበርኩ። ከቤተ እስራኤል ወገኖቼ ጋር ወደዚህ አገር፣ ወደ እስራኤል፣ መጥተን ቂርያት ማላኪ ከተማ ስንሰፍር ዕብራይስጡን በኡልፓን፣ በቋንቋ ትምህርት ቤቱ፣ ከብዙዎቹ ቀድሜ ያዝኩት፤ እንጀራዬም ከዚያ መጣ። መጀመሪያ በጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ በማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ አስተረጎምኩ። የማኅበራዊ ጉዳይዋ አለቃዬ ችኩል ነበረች። አንዲት አሮጊት ስለ ልጇ ከስደት መንገድ ጀምራ ስትናገር እሷ ሰዓቷን ታያለች። «ባጭሩ፣ ምንድን ነው የምትፈልገው?» ትለኛለች። እኔም አሳጥራለሁ። ሰውን ማሳጠር እንዴት እንደሚከብድ እዚያ ተማርኩ። ክፍያው በሰዓት ነበር፤ ብዙም አልነበረም፤ ስለሱ ይህን ብቻ ልበል።

ማሳጠር የከለከለችኝ ሩቲ ናት። ሩቲ የወንጀል ክስ የምትከራከር ጠበቃ ነበረች፤ ቢሮዋ ገደራ ውስጥ ከብረታ ብረት መደብር በላይ ነው። የሷንም ከዚህ በታች የሚመጡትንም ሰዎች ስም ለውጫለሁ። መጀመሪያ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «አታሳጥሪ፣ አታሳምሪ። ሲሳደብ ተሳደቢ። ሲያለቅስ ግን ዝም በይ፤ ለቅሶው በራሱ ይሰማል።» እንደ ተቀመጠች ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር ታወልቃለች፤ ብርቱካን እየላጠች ታዳምጣለች። ክስ ሳታነብ በፊት ነገሩ የሆነበትን ቦታ ሄዳ ታያለች። እኔን እዚያ አቁማ «አንቺ ተጎጂው ነሽ፤ ወዴት ነበር የዞርሽው?» ትለኛለች። በዚያ ዕድሜዬ በየሰው ደረጃና በየአውቶቡስ ማቆሚያው ስንት ጊዜ ተመትቼ እንደ ወደቅሁ አላውቅም። አንድ ቀን የሚያውቁኝ ሴት አይተውኝ፣ «እቴ ዘውዲቱ፣ ምን ሆነሽ ነው መሬት ላይ የተኛሽው?» ብለው ውኃ ይዘውልኝ መጥተዋል።

ከሩቲ ጋር ብዙ ዓይነት ክስ አይቻለሁ። ከሁሉም የከበደኝ የመግደል ሙከራ ክስ ነው። ሰው ሁሉ የሚመስለው ክርክሩ ስለ ቁስሉ ትልቅነት ነው። አይደለም። ክርክሩ ስለ ልብ ነው። ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት ያለበት ተከሳሹ መምታቱን ብቻ አይደለም፤ ሞትን ራሱን ፈልጎ መምታቱን ነው። ቁስሉ ቀላል ሆኖ በመግደል ሙከራ ሊፈረድበት ይችላል። ቁስሉ ከባድ ሆኖም ሐሳቡ ማቁሰል ብቻ ነበር ሊባል ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የእስር ዘመን የአንድ ልጅ ዕድገት ያህል ነው። ልብን ግን ያየ የለም። ስለዚህ ሩቲ በልብ ዙሪያ ያለውን ትፈልጋለች። በእጁ የነበረው ነገር ከቤቱ ይዞት መጣ ወይስ እዚያው ነበር? የት አረፈ? ደግሞ መምታት እየቻለ ተወ? ከመምታቱ በፊት ምን አለ፣ ከመታ በኋላስ? ማንን ጠራ?

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የፖሊስ ጣቢያው አለ። ሩቲ የያዘችውን ሰው ሁሉ «ጠበቃ ሳታማክር አንዳች እንዳትናገር» ትለዋለች። ለኛ ሰው ይህ ከባድ ነው። የመንግሥት ሰው እየጠየቀህ ዝም ማለት ብልግና ይመስላል። መርማሪው ወረቀቱን ሲያነብ የኛ ሰው «እየሰማሁ ነው» ለማለት ራሱን ዝቅ ከፍ ያደርጋል፤ ጣቢያው በሚቀርጸው ቪዲዮ ላይ ግን ያመነ ይመስላል። ስለዚህ እኔ በሩቲ ፈቃድ ለሁሉም አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ «አንገትህን አደራ፤ አትነቅንቅ።»

አሁን ወደ ጌጡ ልመለስ። እስካሁን የጻፍኩት ወደሱ ለመድረስ ነው።

ጌጡ የገደራ ነዋሪ ነበር፤ በቤኤር ቱቪያ የኢንዱስትሪ ቀጣና በመጋዘን ይሠራል። ከመኖሪያ ሕንጻዎቹ ኋላ ባለው የጋራ ማሳ ላይ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ያለማል። አጠገቡ በላይ የሚባል ጓደኛው የራሱ መደብ ነበረው። የጌጡ ልጅ ለበላይ የወንድም ልጅ ልትዳር ታጭታ፣ ሽማግሎች እንደ ደንቡ ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ሲቆጥሩ፣ በላይ በሰው ፊት «የጌጡ አያት ማተብ አስረው ነው የሞቱት» አለ። የኛን ሰው ለሚያውቅ ይህ ምን ያህል እንደሚያቆስል ማስረዳት አያስፈልግም። ክርስትና ተነሥተው ነበር፣ ዘራችሁ ከኛ ወጥቷል ማለት ነው። ጋብቻው ፈረሰ።

በማግስቱ ጌጡ ማሳው ላይ በዶማ እየኮተኮተ ሳለ በላይ መጣ። ተነጋገሩ። ጌጡ ዶማውን አነሣና መታው። ምቱ በአንገትና በትከሻ መካከል አርፎ አጥንቱን ሰበረው። ከሰገነት ላይ ሆና ያየች ሴት «ወደ ራሱ ነው የሰነዘረው» ብላ ቃል ሰጠች። ጌጡ አልሸሸም፤ እርዳታ እየጠራ አጠገቡ ተቀመጠ። ፖሊስ ሲመጣ እዚያው አገኘው። ክሱ የመግደል ሙከራ ሆነ።

ሩቲና እኔ ማሳው ላይ ቆምን። እንደ ልማዷ እኔን በበላይ ቦታ አቆመችኝ፤ ዶማ የሚያህል ዱላ ይዛ ከፊቴ ቆመች። ከዚያ የሐኪሙን ወረቀት አውጥታ ደጋግማ አየችው።

«ቁስሉ የስለት አይደለም» አለች። «በጀርባው ነው የመታው።»

«እና?»

«ሰው ሲኮተኩት ስለቱ ወደ ታች ነው። አንሥቶ ቢመታ የሚያርፈው ስለቱ ነው። ጀርባው እንዲያርፍ መዞር አለበት። አንድ ጊዜ፣ በአየር ላይ፣ እጁ አዙሮታል።» ዱላውን በእጇ አዞረችው። «ዘውዲ፣ ይህችን መዞር ዳኞቹ ካዩልኝ ይህ ሰው ልጁ ስትዳር ያያል።»

ሩቲ ጌጡን እስከ ፍርዱ በቤት እስር እንዲቆይ አስፈቀደችለት፤ በእንዲህ ያለ ክስ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ያቭኔ ባለችው እህቱ ቤት ተቀመጠ፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የመቆጣጠሪያ ቀለበት ታሰረለት። ከቤት እንዳይወጣ፣ ከበላይም ጋር እንዳይገናኝ ታዘዘ። ትእዛዙን ያስተረጎምኩለት እኔ ነኝ። «ቤሰደር» አለ፣ እሺ ማለቱ ነው፤ «ቤሰደር፣ ገብቶኛል።»

ባለቤቴ አባ ታከለ በቂርያት ማላኪ ከሚፈለጉት ሽማግሎች አንዱ ነበሩ። ባልና ሚስት ሲጣላ፣ ወንድማማች ሲኮራረፍ፣ ከገደራም ከአሽዶድም ይመጡባቸዋል። ሁለታችንም የሰው ምስጢር የምንይዝ ሰዎች ነበርን። እኔ ከሩቲ ቢሮ የሰማሁትን ቤት አላስገባም፤ እሳቸውም ከሽምግልና የሰሙትን አያስገቡም። «ዛሬ ያቭኔ ሰው ልናስታርቅ ነው» ብለውኝ ጋቢያቸውን ለብሰው ሲወጡ የማን ጉዳይ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ደንባችን ነበር። በትዳራችን የምኮራበት ደንብ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሩቲ ጠራችኝ። ብርቱካን አልነበረም። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አንድ ቪዲዮ ከፈተችልኝ።

የጌጡ እህት ቤት ነው። ጌጡ ከወጥ ቤቱ ይወጣል፤ ትልቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሟል። በሩ ሥር ተጎጂው በላይ ክንዱ በፋሻ ታስሮ ተቀምጧል፤ ግራና ቀኝ ሽማግሎች አሉ። ጌጡ ጎንበስ ብሎ ግንባሩን መሬት ያስነካና ይናገራል፦ «ነፍስህን ላጠፋ ነው የተነሣሁት። ፈጣሪ ያዘኝ እንጂ ገድዬህ ነበር። በድያለሁ፤ ማረኝ።» ቪዲዮው እዚያ ላይ ይቆማል። የቀረጸችው የእህቱ ልጅ፣ ወታደር ናት፤ ደስ ብሏት ለቤተሰቡ የስልክ ቡድን ላከችው። ከዚያ ማን ለማን እንደላከው አይታወቅም። ፖሊስ ዘንድ ደረሰ።

«ዐቃቤ ሕጉ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?» አለች ሩቲ። «ልቡን ከፍቶ ሰጠው። ይሄ ነጭ የለበሰው፣ የሚመራቸው ሰውዬ ማነው?»

«ባለቤቴ ናቸው» አልኳት።

ሩቲ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አጠለቀች። በሁሉም ዓመታት ውስጥ በንግግር መሐል ጫማዋን ስታደርግ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ይህን ጉዳይ አትነኪም» አለችኝ። «ቤትም ውስጥ ስለሱ አንድ ቃል አይወጣም። ምስክር ልጠራቸው እችላለሁ።»

ከበሩ ሳልወጣ ደግሞ፣ ለራሷ ይመስል፣ «አንድ ሰው ነው ያስጠነቀቅሁት። አገሩን ሁሉ ማስጠንቀቅ ነበረብኝ» አለች። ያ የሩቲ ትልቁ ውድቀት ነበር፤ ራሷም እንደዚያ ነው የምትጠራው። ጌጡ ወዲያው ወደ እስር ቤት ተመለሰ።

ሽማግሎቹ ሕግ የጣሱ አልመሰላቸውም። ይህ እስከ ዛሬ ያስቀኛል፣ ያሳዝነኛልም። ደንቡ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ተበዳዩ ቤት እንዲሄድ ነው። ጌጡ ግን ከቤት አትውጣ ተብሏል። ስለዚህ መክረው፣ ሕጉን አክብረው፣ ተበዳዩን ወደ በዳዩ አመጡት። «አልወጣም እኮ!» ይሉ ነበር ኋላ። እንዳይገናኙ የተባለውስ? «እንዳይጣሉ ነዋ። እኛ መካከል ተቀምጠን እንዴት ይጣላሉ?»

የዚያን ሰሞን አንድ ማታ አባ ታከለ እራት በልተው እጃቸውን እየታጠቡ፣ ጀርባቸውን እንደ ሰጡኝ፣ «አንድ ሌላ አገር ያለ ሽማግሌ አለ» አሉ። «መስክር ቢሉት፣ በራሱ ላይ ክስ ሊመጣበት ይችላል ቢሉት…»

«አይጠይቁኝ» አልኳቸው።

«አልጠየቅሁሽም። ስለ ሌላ ሰው ነው የማወራው።»

«ስለ ሌላውም ሰው አይጠይቁኝ።»

እጃቸውን በፎጣ አደረቁ። «እንግዲህ ያ ሽማግሌ ብቻውን ያስባላ» አሉ።

በሕጉ ምስክርን ማግባባት ትልቅ ጥፋት ነው፤ በላይ ደግሞ የክሱ ዋና ምስክር ነበር። ዝም ቢሉ ማንም አይነካቸውም ነበር። በጌጡ ላይ ግን ያ ቪዲዮ ብቻውን ይፈርድበታል። ይህን አውቃለሁ፤ ልነግራቸው ግን አልችልም። ከምወዳቸው ሰው ጋር በአንድ ጠረጴዛ እየበላሁ ለሰው የማስተረጉመውን ለሳቸው መከልከሌ ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የከበደኝ ነገር ነው።

የምስክርነቱ ቀን የተለመደውን ነጭ ልብሳቸውን ለበሱ። መግቢያው ላይ ጠባቂው በትራቸውን በፍተሻ ማሽኑ አሳልፎ፣ «አባ፣ ይሄ መሣሪያ ነው?» አላቸው በቀልድ። «እንደ ያዘው ሰው ነው፣ ልጄ» አሉት። እኔ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የሚያስተረጉምላቸው ሌላ ሰው ነበር፤ እዚህ አገር የተወለደች ወጣት። ከንፈሬ ባለቤቴን ሲከተል በመሐረብ ሸፈንኩት።

ሩቲ ጠየቀቻቸው፦ «ጌጡ ያንን ቃል እንዲናገር ያዘዘው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ምንም ሳያመነቱ። «እሱ ‹ተቆጥቼ ነው፣ ሰድቦኝ ነው› ማለት ፈልጎ ነበር። እኔ ዝም አሰኘሁት። ድንጋይ የተሸከመ ሰው ጥፋቱን አይቀንስም አልኩት። ያሰብከውንም ያላሰብከውንም በራስህ ላይ ጨምር አልኩት።»

ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። ትሑት ሰው ነበር፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እንግዲያው ሰው እንዲዋሽ ያስተምራሉ ማለት ነው?»

አባ ታከለ ወደ ዳኞቹ ዞሩ። «ውሸት አይደለም። እናንተ ዘንድ ሰው ሲበድል በደሉን የሚቀንስለት ጠበቃ ይይዛል። ክፉ ነው አላልኩም፤ ሚስቴም እንጀራዋ በዚያ ነው። እኛ ዘንድ ግን በደሉን የሚጨምርበት ሽማግሌ ይይዛል። የሚቀንስለት ሌላ ሰው ነው።»

አስተርጓሚዋ ወጣት እንዲደግሙላት ለመነቻቸው። ለሕፃን እንደሚነግሩ ቀስ ብለው ደገሙላት። እሷም ምንም ሳታሳጥር አደረሰችው። የመሐል ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ማነው የሚቀንስለት?» ብላ ጠየቀች።

«ተበዳዩ ነዋ። ልጅቷ ድንጋዩን ልታግዝ ስልኳን ጣለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላያችሁትም። በላይ ‹ተነሥ› አለው። ‹ልትገድለኝ ብትፈልግ ስለቱ ነበረልህ› አለው። ከዚያ ድንጋዩን አወረድንለት። እርቅ ማለት ይህ ሁለተኛው ነው። ያለዚህ የመጀመሪያው ጎዶሎ ነው።»

ዐቃቤ ሕጉ፣ «ታዲያ ፍርድ ቤት የእናንተ ሰው መቼ እውነቱን እንደሚናገር በምን ይወቅ?» አለ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ እኔም ለብዙ ዓመታት የጠየቅሁት ነው።

«ሁለቱንም ጠይቁ» አሉ። «አንዱን ብቻ አትስሙ።»

በላይ ዳግመኛ ተጠራ። ክንዱ ከትከሻው በላይ አይነሣም ነበር። «ብዬዋለሁ» አለ እያጉረመረመ። «ስለቱ ነበረልህ ብዬዋለሁ። አይቼው ነው። ሲመጣብኝ ሲዞር አይቼዋለሁ።» ከዚያ ወደ ሩቲ ዞሮ፣ «ይህ ማለት ግን አላመመኝም ማለት አይደለም። ጻፉልኝ፤ እስካሁን ያመኛል» አለ። ዳኛዋም እንዲጻፍለት አዘዘች።

ፍርዱ ሲነበብ ጌጡ ከመግደል ሙከራው ነፃ ወጣ። በከባድ ማቁሰል ተፈረደበት፤ ታሰረም። ዳኞቹ የዶማውን መዞር ጽፈውታል፤ ሽማግሌውን እንዳመኑም ጽፈዋል። ባለቤቴ ደግሞ ወደ ፖሊስ ተጠሩ። ሳይጨቃጨቁ ሁሉንም ነገሯቸው። ጉዳዩ በማስጠንቀቂያ ተዘጋ። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ሽምግልና አልተቀመጡም። ሰው በራችን ሲመጣ አጠጥተው፣ አብልተው፣ ወደ ሌላ ሽማግሌ ይልኩታል። ለምን እንደተዉት አልነገሩኝም።

ሩቲ ከዚያ ወዲህ አዲስ ባለጉዳይ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድማ «ሽማግሎችህ እነማን ናቸው?» ትላለች። ተከሳሹ ሳያስበው እኛ ሽማግሎቹ ቤት ደርሰን ቁጭ ብለን እናስረዳለን። ከሥራ እስክወጣ ድረስ ግማሹ ሥራዬ ይህ ነበር፤ ከሁሉም የወደድኩት ክፍል ነው።

ጉዳዩ ካለቀ በኋላ አንድ ቀን አባ ታከለ ያንን ድንጋይ ከያቭኔ ይዘውት መጡ። የጌጡ እህት ልትጥለው ነበር መሰለኝ። ባቦ፣ ወይ ጉድ፣ በአውቶቡስ! ሾፌሩ ምን እንዳላቸው አልነገሩኝም። የሕንጻችን መግቢያ በር በራሱ ይዘጋ ስለነበር እሱን እንዲደግፍ አደረጉት፤ ጎረቤት ሁሉ አመሰገናቸው። ያኔ ነው የጠየቅኋቸው።

«እውነት ሊገድለው ፈልጎ ነበር?»

«እኔ የሰማሁት አፉን ነው» አሉ። «ልቡን አላውቅም። ምናልባት ፈልጎ ይሆናል።» ድንጋዩን በእግራቸው ወደ በሩ አስጠጉት። «ግን እጅ አንዳንዴ ከልብ ቀድሞ ይመለሳል።»

ባለፈው ክረምት ታመሙ፤ ብዙም አልቆዩም። ካረፉ በሠላሳኛው ቀን ወደ መቃብሩ ልንሄድ ስንሰናዳ ጌጡ መጣ። ከእስር ከወጣ ብዙ አልሆነውም፤ ጠጉሩ ሸብቷል። በላይም አብሮት ነበር። ተቃቅፈው አልመጡም፤ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ነው የመጡት። ጌጡ በሩ ሥር ያለውን ድንጋይ አየና ቆመ።

«እትዬ ዘውዲቱ» አለኝ፣ «ይህን ልውሰድላቸው?»

እዚህ አገር ሰው መቃብር ሲጎበኝ ጠጠር ያስቀምጣል። ይህ ግን ጠጠር አይደለም። ውሰድ አልኩት። ጎንበስ ሲል በላይ፣ «ቆይ እንጂ» አለው። «አንገትህ ላይ ልታወጣው ነው? አንዴ በቃህ።» ደህነኛውን እጁን ከሥር አስገባ። «ያቺኛዋን አንተው ሰብረሃታል፤ በአንዷ እይዝልሃለሁ። ያላ፣ በል አንሣ።»

መቃብሩ ዘንድ የሚሠራው ሰው አየንና፣ ይህ በጣም ትልቅ ነው አለ። በላይ በዚያች በጥቂቷ ዕብራይስጡ፣ «ቤሰደር፣ ቤሰደር፣ ሰውየውም ትልቅ ነበሩ» አለው። ሁለቱ በሦስት እጅ አውርደው ከአባ ታከለ እግር በኩል አስቀመጡት።

የሕንጻችን በር አሁን እንደ ድሮው በራሱ ይዘጋል። ጎረቤቶቼ ሌላ ነገር እናስደግፈው ይሉኛል። ተዉት እላቸዋለሁ። ስወጣም ስገባም በእጄ እይዘዋለሁ።